የጁዲት ማሎው የመጨረሻ ሦስት ምዕራፎች

አምብሮስ ክሬሊንግ የጻፈውን ራሱ አምብሮስ ክሬሊንግ እንኳ በማግስቱ ማንበብ ይቸግረው ነበር። የመጀመሪያ መጽሐፉ ወደ ማተሚያ ቤት ሲሄድ ፊደል ለቃሚዎቹ ከአንዲት ገጽ ጋር ግማሽ ቀን ታግለው፣ «ወይ ይህን ሰውዬ ጽሕፈት አስተምሩት፣ ወይ እኛን አሰናብቱን» ብለው ለአሳታሚው አቤት አሉ። ያን ጊዜ ዶርካስ የሦስት ወር ሙሽራ ነበረች። «እኔ እገለብጥልዎታለሁ» አለችው። ሰው ሲወድ ምን የማይለው አለ! ይኸው ከዚያ ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትገለብጥ ኖረች።

መገልበጥ ይባል እንጂ የምትሠራው ሌላ ነው። አምብሮስ በአንድ ገጽ ሦስት ጊዜ ያስለቀሳትን ልጅ እሷ አንዴ ብቻ ታስለቅሳታለች። ባላባቱ ግማሽ ምዕራፍ የሚፈጅ ንግግር ከጀመረ መሃል ላይ በር ታስንኳኳበታለች። ማክሰኞ ሞቶ ሐሙስ ገበያ የወጣ ሰው ካለ ወይ ሞቱን ወይ ገበያውን ትሰርዛለች። አምብሮስ ይህን አያውቅም፤ የተገለበጠውን አያነብማ። «ያንቺን ግልባጭ መመርመር አንቺን መጠራጠር ነው» ይላታል፣ ትልቅ ውለታ እንደዋለላት ሁሉ። ማተሚያ ቤቱ ለእርማት የሚልከውን የሙከራ ኅትመት የምታርመውም እሷ ናት። ለአንባቢዎች ደብዳቤ የምትመልሰውም እሷው ናት፤ ፊርማውን ከእሱ አሳምራ ትፈርምለታለች። ጋዜጦች «የክሬሊንግ ብዕር የጠራ ነው» ብለው የጻፉ ለት ቁርስ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብላታል። እሷም እንቁላሏን እየላጠች ትሰማለች።

የራሷን መጽሐፍ የጀመረችው በሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ሠራተኛዋ ኬዚያ ምድጃ ለመጥረግ ከመውረዷ በፊት ባለችው አንድ ሰዓት፣ በሱፍ ሻል ተጠቅልላ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ትጽፋለች። አራት ዓመት ፈጀባት። አባቷ ወደብ ላይ ገመድ ሠሪ ነበርና ጁዲት ማሎው ብላ የሰየመቻት ልጅም የገመድ ሠሪ ልጅ ናት። ጁዲት ክፉ ባል ታገባለች፣ ጥላው ትወጣለች፣ ተዘግቶ የከረመውን የአባቷን ገመድ ቤት ከፍታ ትሠራለች። በአራተኛው ምዕራፍ የምትሞተው የጁዲት እናት የዶርካስ የገዛ እናቷ ናት፤ ሳሏም፣ ቁጣዋም፣ ስትሞት በእጇ ጨብጣው የቀረችው ቁልፍም እውነት ነው። መጽሐፉ የሚያልቀው ጁዲት «ጁዲት ማሎው፣ ገመድ ሠሪ» የሚል ሰሌዳ በሩ ላይ ስታኖር ነው። ዶርካስም የምትፈልገው ይህንኑ ነበር፤ ስሟ ከመጽሐፉ ርዕስ ሥር ተጽፎ እንዲታይ። ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

ችግሩ፣ ባለትዳር ሴት የጻፈችው ሁሉ በሕግ የባሏ ነው። እሱ ካልፈረመ አሳታሚ እጁን አይዘረጋም። ስለዚህ አንድ ቀን፣ አምብሮስ ሁለተኛ ስኒ ሻዩን ጠጥቶ ደስ ሲለው ጠብቃ ነገረችው።

«መጽሐፍ?» አለ፤ ቅቤ የተቀባ ዳቦውን አስቀመጠ። «አንቺ?»

«አዎ። ሃያ ሁለት ምዕራፍ ጨርሻለሁ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ትንሽ ይቀራቸዋል። ለአሳታሚዎ ለሚስተር ታድሎው እንዳሳየው ቢፈርሙልኝ ብዬ ነው።»

«እንዴት ያለሽ ምስጢረኛ ነሽ! እኔ እኮ ከኬዚያ ጋር ስለ ሥጋ ስትጨቃጨቂ የምትውይ ይመስለኝ ነበር።» ሳቀ። «አምጪው፣ ልየው። ያላየሁት ላይ አልፈርምማ።»

ሃያ ሁለቱን ምዕራፎች ሰጠችው። መሳቢያው ውስጥ ከተታቸው። በሳምንቱ ስትጠይቀው «እያየሁት ነው» አላት። በወሩ ስትጠይቀው «አታጣድፊኝ፤ ጥሩ ነገር አለው፣ ለሴት» አላት። ዶርካስ ግን ተስፋዋ ሌላ ነበርና ይቺን «ለሴት» የምትለውን እንዳልሰማች አለፈቻት። አንድ ጠዋት በቁራጭ ወረቀት ላይ ርዕሱን፣ ከሥሩ ደግሞ «በዶርካስ ክሬሊንግ» ብላ ጻፈችና አየችው። ከዚያ አፍራ ምድጃ ውስጥ ጣለችው።

በየካቲት ከማተሚያ ቤት ጥቅል መጣ። አምብሮስ ከሚያዝያ ጀምሮ በወርኃዊ መጽሔት የሚወጣ አዲስ ልብ ወለድ ለሚስተር ታድሎው ቃል ገብቶ ነበር። ምንም እንዳልጻፈ ደግሞ ዶርካስ ታውቃለች፤ አንዲት ገጽ አልገለበጠችለትም። የድሮ መጽሐፍ ዳግም ሊያትሙ ይሆናል ብላ መቀሱን አንስታ ገመዱን ቆረጠች፣ እርሳሷን ቀረጸች፣ እንደ ወትሮዋ ማረም ጀመረች። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የተዘለለች ነጥብ አስገባች። በሁለተኛው ላይ «ገመድ» የሚለው «ገደም» ተብሎ ተለቅሞ ነበርና አቃናችው። እጇ ሁለት ስሕተት ካረመ በኋላ ነው ዓይኗ የምታነበውን ያወቀው።

የገዛ ጽሑፏ ነበር። ወደ ርዕሱ ተመለሰች። «ጁዲት ማሎው» ይላል፤ ከሥሩ «በአምብሮስ ክሬሊንግ»።

እንዴት ቀላል ነው! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማተሚያ ቤቱ የአምብሮስን መጽሐፍ የሚያውቀው በዶርካስ እጅ ጽሑፍ ነው። መሳቢያውን መክፈት፣ ወረቀቱን ማሸግ፣ መላክ፤ በቃ። የተቀየረ ነገር የለም፣ የሚቀየርም አላስፈለገውም። ለይስሙላ እንኳ የልጅቷን ስም አልለወጠም።

ሳታንኳኳ ሥራ ክፍሉ ገባች። ከሠርጋቸው ወዲህ በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ ሁልጊዜ «ሚስተር ክሬሊንግ» ነው የምትለው።

«አምብሮስ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ወረቀቱን አየ፤ ምንም አልደነገጠም። የሚያናድደው እሱ ነው፤ ትንሽ እንኳ አልደነገጠም።

«ልነግርሽ ነበር። ወሩ ደረሰብኝ። ታድሎውን ላዋርደው ነው? ቤታችንን ላዋርድ ነው?»

«የእኔን መጽሐፍ ሰረቅህ።»

«ሰረቅህ! ሰው ከገዛ ቤቱ ይሰርቃል? ተይ እንጂ። ኮትህን ከጓዳህ አወጣህ ብለሽ ፖሊስ ትጠሪብኛለሽ?» ተነስቶ ትከሻዋን ሊይዝ ሲል ሸሸችው። «ስሚኝ፣ የኔ ውድ። በእኔ ስም አርባ ሺህ ሰው ያነበዋል። ባንቺ ስም ማን ያነበዋል? አክስትሽና የቄሱ ሚስት። አክስትሽ ደግሞ ዓይኗ ደክሟል። ለመጽሐፉ ከማን በላይ ያሰብኩ እኔ ነኝ።»

«ስሜን አስገባ።»

«ደግሞስ መጻፍ ከማን ተማርሽ? ከእኔ አይደል?»

«ካንተ ስሕተት ነው የተማርኩት» አለች ዶርካስ።

ይሄ ነካው። እንዳልገባው ሰው ግን ወደ መስኮቱ ዞረና፣ እራት ላይ እንግዳ እንዳለ ለኬዚያ እንድትነግር አሳሰባት።

በነጋታው ቆቧን አሰረችና ወደ አሳታሚው ሄደች። ሚስተር ታድሎው ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ጣቶቹ ሁልጊዜ ቀለም የነካቸው ሽማግሌ ነው። ወንበር ሳበላት፣ የቤተሰቡን ደኅንነት ጠየቃት፣ የምትለውንም አንገቱን እየነቀነቀ እስከ መጨረሻው ሰማት።

«እና ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት» አለ።

«አዎ። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው፤ ይመልከቱት።»

ሚስተር ታድሎው ተነስቶ ከኋላው ያለውን ቁም ሳጥን ከፈተ። ጥቅል ወረቀት አወጣ፤ ሌላ አወጣ፤ ሌላም። የአምብሮስ ስምንቱም መጻሕፍት ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ደረደረላት።

«ይህስ የማን እጅ ነው እሜቴ?»

«የእኔ።»

«ይኸኛውስ?»

ዶርካስ ጥቅሎቹን አየች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ እፊቷ ተቆልሎ ነበር፤ ሁሉም በእጇ የተጻፈ፣ አንዱም ስለ እሷ የማይመሰክር። አርሜያለሁ፣ አቃንቻለሁ ብትልስ? የአምብሮስን ረቂቅ ገልብጣ በጨረሰች ቁጥር ኬዚያ ለምድጃ ማያያዣ ስትወስደው ዝም ብላ ታይ የነበረች ራሷ ናት።

«የእርስዎ ቢሆንም እንኳ» አለ ሽማግሌው፣ ድምፁን አለስልሶ፣ «ሕጉ የእሱ ነው ይላል። እኔ ምን ላድርግ? ባይሆን ትንሽ ይረፉ። ሚስተር ክሬሊንግ ሰሞኑን ድካም እንደሚሰማዎት፣ አንዳንድ ነገርም እንደሚያስቡ አጫውቶኛል። ስለ አንድ ጥሩ ሐኪምም ጠይቆኝ ነበር።»

ሐኪም የምትለው ቃል ምን ማለት እንደሆነች ዶርካስ አላጣችውም። ሚስቱ አስቸገረችኝ ያለ ባል ሁለት ሐኪም «አብዳለች» ብለው ከፈረሙለት በር ከውጭ የሚቆለፍበት የእብዶች ቤት አያጣም። አመስግናው ወጣች። እንዲህ ያለውን ነገር አመስግኖ መውጣት ነው የሚያንገበግበው።

«ጁዲት ማሎው» በየወሩ ሁለት ሁለት ምዕራፍ ወጣ። አገር ጉድ አለ። በኦምኒበስ ሠረገላ ውስጥ፣ በሻይ ቤት፣ የጁዲት እናት የሞተችበትን ምዕራፍ አንብቦ ያላለቀሰ ሰው የለም ተባለ። አምብሮስ በየግብዣው የበግ ጥብሱን እየቆረጠ «የሴት ልብ ማወቅ ቀላል አይደለም» ይላል። እንግዶቹ ወደ ዶርካስ ዞረው «እንዴት ታድለዋል!» ይሏታል። እሷም ጨው ታቀብላቸዋለች።

ከዓመት በኋላ ሃያ ሁለቱ ምዕራፎች አለቁ። አምብሮስ አንድ ቀን የልብስ ስፌቷ ጋ መጥቶ ቆመ።

«ሦስቱን የት አስቀመጥሻቸው?»

«የትኞቹን?»

«አትቀልጂ። ሕዝቡ እየጠበቀ ነው።»

«በሚቀጥለው ወር መጽሔት ላይ ስሜ ይውጣ፤ በማግስቱ እሰጥሃለሁ።»

«አገር ፊት ልታዋርጂኝ ነው? ዓመት ሙሉ የዋሸሁ ልባል?»

«ዋሽተሃላ።»

ጓዳውን፣ ሣጥኗን፣ ፍራሿን ሳይቀር አስፈተሸ። ወረቀቶቹ ኬዚያ ክፍል ውስጥ ነበሩ፤ ዶርካስ መዝሙር ነው ብላ ሰጥታት፣ ማንበብ የማትችለው ኬዚያ ከመጽሐፍ ቅዱሷ ሥር አስቀምጣቸዋለች። አምብሮስ የሠራተኛ ክፍል መግባት ክብሩን ይነካዋልና እዚያ አልገባም።

«እንግዲያው ራሴ እጨርሰዋለሁ» አለ። «ደራሲው እኔ አይደለሁ?»

በዘጠኝ ቀን ጨረሰና፣ እንደ ልማዱ፣ እንድትገለብጥለት ጠረጴዛዋ ላይ ጣለላት። ሌላ የሚያነብለት የለማ!

ዶርካስ አነበበችው። ጁዲት ዝናብ እየደበደባት ወደ ባሏ ቤት ትመለሳለች። እግሩ ሥር ወድቃ ይቅርታ ትለምናለች። በሳንባ በሽታ ትሞታለች፤ ለመሞት አሥራ አራት ገጽ ይፈጅባታል። በአራተኛው ምዕራፍ የሞተችው እናቷ ከራስጌዋ ተቀምጣ ወርቃማ ፀጉሯን ትዳብሳለች። የጁዲት ፀጉር ደግሞ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ጥቁር ነው። ሰውየው የሰረቀውን መጽሐፍ እንኳ አላነበበውም።

እርሳሷን አነሳች፤ ልማድ ነው። የእናቲቱን ስም ሰርዛ «አክስቷ» ልትል እጇ ሄደ። እዚያው አቆመችው።

ሃያ ዓመት ደብቄዋለሁ፣ አሁንስ ሰው ይየው፣ አለች በልቧ። ግን የሚታየው በማን ላይ ነው? የምትዋረደው ጁዲት ናት፤ የገዛ ልጇ። እሱን ለማጋለጥ እሷን መግደል ነው። ዶርካስ ግማሽ ቀን ብዕሯን ሳታነሳ ተቀመጠች። ከዚያ እያለቀሰች፣ ቃል በቃል፣ ነጥብ ሳትነካ ገለበጠችው። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ታማኝ ግልባጭ ገልብጣ አታውቅም።

«እንዳለ ነው?» አላት አምብሮስ ሲያሽግ።

«እንዳለ ነው። እንደ ጻፍከው።»

ግንባሯን ሳማት። «አየሽ? እልህሽ ሲበርድ እንዴት ያለሽ መልካም ሴት ነሽ።»

ወሩ ገብቶ ሲወጣ አገር ሳቀ። «ከመቃብር የተነሳችው እናት» እያለ ጋዜጣው ሁሉ ቀለደ። አምብሮስ ጥፋቱ የፊደል ለቃሚዎቹ ነው አለ፣ ቅሬታም ጻፈ፤ ቅሬታውን የገለበጠችው ዶርካስ ናት። የተናደዱ አንባቢዎች ደብዳቤ በቅርጫት መጣ። ከነዚያ መካከል አንዲት ሎይስ ሃርግሪቭ የምትባል፣ በሰሜን በኩል በአንዲት የዓሣ አጥማጆች ከተማ ሴቶች ልጆች የምታስተምር፣ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ጌታዬ፣ መጨረሻውን የጻፈው ሌላ ሰው ነው ብዬ ከእህቴ ጋር ተወራርጄያለሁ። ጁዲትን የሚያውቃት ሰው እንዲህ አያደርጋትም። እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ፤ እኔም ባሌን ጥዬ የወጣሁ ሴት ነኝና የጁዲት መጨረሻ ይገደኛል።»

ዶርካስ ደብዳቤውን ደጋግማ አነበበችው። አንድ ሰው አየ! ከአርባ ሺህ ሰው አንዲት ሴት ሁለት እጅ እንዳለበት ለየች። ለዚህች ሴት እውነቱን እነግራታለሁ አለች። አንድ ሰው ይወቅልኝ፤ አንድ ይበቃኛል።

በራሷ ስም ጽፋ ነበር። ከዚያ መልሳ አነበበችው፤ ቅናት የያዛት ሚስት ጽሑፍ መሰላት። ሚስተር ታድሎው አንገቱን እየነቀነቀ እንዴት እንደሰማት ታወሳት። ሚስት ብትለው ማን ያምናል? ራሱ ባልየው ካመነ ግን ማን ይክዳል? ፊርማው እንደሆነ በእጇ ነው። ቀደደችውና በአምብሮስ ስም ጻፈችው፦

«ውድ ሚስዝ ሃርግሪቭ፣ ውርርዱን አሸንፈዋል። ከመጀመሪያው እስከ ሃያ ሁለተኛው ምዕራፍ የጻፈችው ባለቤቴ ዶርካስ ናት። የመጨረሻው የእኔ ነው። እሷ የጻፈችውን እውነተኛ መጨረሻ ልኬልዎታለሁ።» ፈረመች። ከኬዚያ መጽሐፍ ቅዱስ ሥር ሦስቱን ምዕራፎች አውጥታ ከደብዳቤው ጋር አሸገችና ላከች። ሌላ ግልባጭ አላስቀረችም፤ አንዴም ቢሆን ሳትገለብጥ መስጠት አምሯት ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ቁርስ ላይ፣ ጥቅል መጣ። በአምብሮስ ስም ነውና አምብሮስ ከፈተው።

«ክቡር ጌታዬ» ብሎ ጀመረ፤ የአድናቂ ደብዳቤ ጮክ ብሎ ማንበብ ይወዳል። «ሦስቱን ምዕራፎች ከእህቴ ጋር እያለቀስን አነበብን። ያኛውን መጨረሻ አሳታሚዎች አስገድደው እንዳስጻፉዎት አሁን ገባኝ። ሁሉን ሚስቴ ጻፈችው ማለትዎ ግን...»

አምብሮስ ንባቡን አቆመ። ዓይኑን አንስቶ ዶርካስን አያት። ዶርካስ የማርማላታውን ማንኪያ እንደያዘች ቀረች። ተመልሶ ማንበብ ጀመረ፣ አሁን ቀስ ብሎ።

«...ማለትዎ ግን እህቴን በጣም አስደሰታት። እንዲህ ያለውን ከገዛ እጅዎ በቀር ማን ይጽፈዋል? ክብርዎን ለሚስትዎ አሳልፎ መስጠት የጨዋ ሰው ሥራ ነው። እኔ የሸሸሁት ባል ይህን ቢያይ ያፍር ነበር። ሚስዝ ክሬሊንግ ምንኛ ደስተኛ ሴት ናቸው! ይህ መጨረሻ እኛ ጋ ተደብቆ መቅረት የለበትምና፣ ዓለም እንዲያነበው መልሼ ልኬልዎታለሁ።»

አምብሮስ ደብዳቤውን አጠፈ። ከዚያ ከጥቅሉ ውስጥ ሦስቱን ምዕራፎች አወጣ። ከላይ፣ በመምህርት እጅ፣ በትልልቁ፣ «በአምብሮስ ክሬሊንግ» ተብሎ ተጽፎባቸዋል። እንዳይጠፋ ብላ ነው ምስኪኗ።

ይቆጣል ብላ ጠበቀች። አልተቆጣም። ፈገግ አለ።

«የት ይሆኑ ብዬ ስንቱን አስፈተሽኩ!» አለ። «አየሽ፣ የማያውቁኝ ሰዎች እንኳ ያውቁኛል። በመጽሐፍ ለሚወጣው እትም ይደርሳል፤ እኔ እንደ ጻፍኩት ተስተካክሎ ወጣ እንላለን። የሴትዮዋም ደብዳቤ መግቢያው ላይ ይግባ። እስኪ እይዋቸውና ለታድሎው ላኪልኝ።» አፉን ጠርጎ፣ ዱላውን ይዞ ወጣ።

ምድጃው እየነደደ ነበር። ዶርካስ ወረቀቶቹን ይዛ አጠገቡ ቆመች። ብትጥላቸው ጁዲት በዝናብ ወድቃ፣ በሕይወት የሌለች እናቷ ፀጉሯን እየዳበሰቻት ትቀራለች። ብትልካቸው የእሱ ናቸው። የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች፤ ጁዲት መሰላል ላይ ቆማ ሰሌዳውን ይዛለች። «በሩ ላይ ሰቀለችው» ይላል። ሰቀለችው የሚለው ደከም ያለ መሰላት። ተቀመጠች፣ እርሳሷን ቀረጸች፣ ሰረዘችውና ከላዩ «ቸነከረችው» ብላ ጻፈች።

ኬዚያ ሳህን ልታነሳ ገባች። «ዛሬ ማተሚያ ቤት የሚሄድ አለ እመቤቴ?»

«አለ፤ ቆይ ልጨርሰው» አለች ዶርካስ። «የጌታሽ መጽሐፍ ነው።»